ለሬንጅፋይንደር ፊልም ካሜራ በጣም ሰፊ ሌንስ፦ 21 ወይስ 15?

ጥቁር_ነጭ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር አማክሩኝ።

ካሜራዬ ኤም ማውንት (የላይካ ኤም ሌንስ መግጠሚያ ያለው) ሬንጅፋይንደር ነው፤ በሌንሱ ሳይሆን በካሜራው መስኮት እያዩ፣ ሁለት ምስል በማገጣጠም ፎከስ የሚደረግበት ዓይነት። መመልከቻው ላይ ያለው የመጨረሻ ሰፊ ፍሬም (ፎቶው የት እንደሚያበቃ የሚያሳየው መስመር) የ28 ሚሊሜትር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ይሰፋል። ሌንሶቼ 50 እና 28 ናቸው። 28ቱን እወደዋለሁ። ግን ጠባብ ክፍል ወይም ኮሪደር ውስጥ ስገባ ጀርባዬ ግድግዳ ነክቶም የምፈልገው አይገባም። ስለዚህ ሰፋ ያለ አንድ ሌንስ ልገዛ ነው። አንድ ብቻ። ሁለተኛ ብጨምር ቤት የሚያስገባኝ የለም።

እስካሁን ያጠበብኩት እዚህ ድረስ ነው፦ የቮይግትላንደር 21 ኤፍ 4 (ኤፍ የአፐርቸሩ፣ ማለትም የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ የቮይግትላንደር 15 ኤፍ 4.5፣ ከዚያ ደግሞ ማታ ማታ ልቤን የሚሰርቀው 12 ኤፍ 5.6። የላይካዎቹን ተዉት፣ አቅሜ አይደሉም።

አብዛኛውን ጊዜ የማነሳው በጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ነው። አልፎ አልፎ ስላይድ (ሳይታተም ራሱ ፊልሙ ፎቶ የሚሆነው)። ደረጃ፣ ክፍል፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው፣ መንገድ። ግምገማ አንብቤ አንብቤ ጭራሽ ግራ ተጋባሁ። ግማሹ ጥጉ ወይን ጠጅ ሆነብኝ ይላል፣ ግማሹ እንከን አይወጣለትም ይላል። ስለ አንድ ሌንስ ነው እንዴ የሚያወሩት?

ሰያፍ፦

21 ግዛ። ቀጣይ ጥያቄ።

የጥግ_ብርሃን፦

ሰያፍ እንደቸኮልክ ልትኖር ነው :)

ጥቁር_ነጭ፣ መጀመሪያ ዲግሪ ምናምኑን ተወውና በሜትር አስበው። ካሜራውን አግድም ይዘህ ሁለት ሜትር ርቆ ያለ ግድግዳ ብታነሳ፣ 28ቱ ወደ 2.6 ሜትር ስፋት ያስገባልሃል። 21 ወደ 3.4 ሜትር። 15 ደግሞ 4.8 ሜትር። 12 ድፍን 6 ሜትር። ከ28 ወደ 21 ስትሄድ የምታተርፈው ሜትር አይሞላም። ወደ 15 ስትሄድ ግን ክፍሉ ሌላ ክፍል ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። ብዙ ሰው ሰፊ ሌንስ የሚገዛው ሁሉንም ለማስገባት ነው። እውነት ነው፣ ሁሉም ይገባል። ግን ጢንጥዬ ሆኖ ነው የሚገባው። በ15 የተነሳ ጥሩ ፎቶ ስታይ ልብ በል፤ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ ከሌንሱ አንድ ሜትር ባልሞላ ርቀት ላይ የሆነ ነገር አለ። የደረጃ መደገፊያ፣ የጠረጴዛ ጥግ፣ የሰውዬው እጅ። እሱ ከሌለ ከታች ባዶ ወለል፣ ከላይ ባዶ ጣሪያ፣ መሐል ላይ ደግሞ አንድ ቀጭን መስመር የምታክል ነገር ትቀራለች።

ሥራ ላይ ያለ ሰው አነሳለሁ ብለሃል። በ15 ሰውዬው ፍሬሙን እንዲሞላ ከፈለግክ፣ እጁን ቢዘረጋ የሚነካህ ቦታ ላይ ነው የምትቆመው። ያን ያህል መጠጋት ትደፍራለህ? እሱን መጀመሪያ ለራስህ መልስ።

ቀይ_መብራት፦

ልጆች፣ እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ።

ሰፊ ሌንስና ሬንጅፋይንደር የተስማሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤስኤልአር ካሜራ በሌንሱና በፊልሙ መሐል መስታወት አለው። መስታወቱ ብድግ ለማለት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ የኤስኤልአር ሰፊ ሌንስ የኋላ ብርጭቆው ከፊልሙ ርቆ እንዲቆም ተገዶ ነው የሚነደፈው። እኛ ጋ መስታወት የለም። የኋላው ብርጭቆ ፊልሙ አፍንጫ ሥር ድረስ መግባት ይችላል። ያኔ ነዳፊው የፊቱንና የኋላውን ግማሽ ተቀራራቢ አድርጎ ይሠራቸዋል። የፊቱ ያጣመመውን የኋላው ያቃናዋል። የበሩ መቃን ፍሬሙ ዳር ላይ ሆኖም ቀጥ እንዳለ ይቀራል።

በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ሄዷል። ሶቪየቱ ሚካኤል ሩሲኖቭ አንዱ ነው፤ ሩሳር 20 ኤፍ 5.6 የእሱ ነው። ሉድቪግ በርተለ ለዛይስ ቢዮጎንን ነደፈ። 21 ኤፍ 4.5ቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለኮንታክስ ወጣ። ላይካ በ1958 የሽናይደርን ሱፐር-አንጉሎን 21 ኤፍ 4 ይዞ መጣ፣ በ1963 ደግሞ ኤፍ 3.4 አደረገው። ዛይስ ከዚያም አልፎ ሆሎጎን የሚባል ነገር ሠራ፦ 15 ሚሊሜትር፣ ሦስት ብርጭቆ ብቻ፣ ኤፍ 8 ላይ የተቸነከረ። አፐርቸሩ አይከፈትም፣ አይዘጋም። ዛሬ የሰብሳቢዎች ዕቃ ነው። ነገሩ ለተራው ሰው የደረሰው ኮሲና በቮይግትላንደር ስም 15 ኤፍ 4.5ን በ1999 ሲያወጣ ነው።

ያ ወይን ጠጅ ጥግ ያልከው የዲጂታል ጣጣ ነው። የኋላው ብርጭቆ ቅርብ ስለሆነ ብርሃኑ ጥጉ ላይ የሚደርሰው በጣም ተጋድሞ ነው። ሴንሰር ይህን አይችልበትም። ፊልም ግን ከየትም አቅጣጫ ቢመጣበት ይቀበላል። ጥጉ ይጨልማል እንጂ ቀለሙን አይቀይርም። ስለዚህ ግምገማ ስታነብ መጀመሪያ የተሞከረው ፊልም ላይ ነው ወይስ ሴንሰር ላይ ብለህ ጠይቅ። ሴንሰር ላይ ከሆነ ስለ ጥግ የተባለውን ዝለለው።

ጥቁር_ነጭ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስንት ሌሊት ያንከራተተኝን ነገር በአንድ አንቀጽ ገላገሉኝ።

እንግዲህ 15ቱ ራሱ ሦስት ዓይነት አለ ይላሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው? አንደኛው ከሬንጅፋይንደሩ ጋር አይገናኝም፣ ማለትም ቀለበቱን ስታዞር የመስኮቱ ምስል አይንቀሳቀስም ሲሉም ሰማሁ። ያለዚያ ፎከስ እንዴት ይደረጋል?

ዝምተኛ_ሻተር፦

የ15ቱን እኔ ልመልስ።

የመጀመሪያው የ1999ኙ ነው። ኤል 39 ነው፣ ማለትም ተጠምዝዞ የሚገባ። ኤም ካሜራ ላይ አዳፕተር ይፈልጋል። ከሬንጅፋይንደሩ ጋር አይገናኝም። እስከ 30 ሳንቲሜትር ይጠጋል። የፀሐይ መከለያው ከሌንሱ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ፊልተር የሚታሰርበት ጥርስ የለውም። በጣም ትንሽ ነው፣ ክብደቱ መቶ ግራም ገደማ። አዲስ ሳለ የሚሸጠው ከነመመልከቻው ነበር፤ ያገለገለ ካገኘህ መመልከቻው አብሮት እንዳለ አረጋግጥ። ብዙዎቹ በየመንገዱ ተለያይተዋል።

ሁለተኛው ኤም ማውንት ሆነ፣ ከሬንጅፋይንደሩም ጋር ተገናኘ። 52 ሚሊሜትር ፊልተር ይቀበላል። እስከ ግማሽ ሜትር ይጠጋል። ብርጭቆው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፣ 8 ብርጭቆ። ስለዚህ «ሁለተኛው ይስላል» ቢሉህ እንዳትሸወድ።

ሦስተኛው እንደ አዲስ የተነደፈ ነው። 11 ብርጭቆ አለው። የተሠራው ለሴንሰር ታስቦ ነው፤ ጥጉ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ያን ያህል የተጋደመ አይደለም። በዚያው ልክ ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ ይከብዳል፣ ፊልተሩም 58 ነው። ለጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ከሆነ ክብደቱን ለምን ትሸከማለህ እላለሁ።

21 ኤፍ 4ቱ ግን ጣጣ የለውም። የኤም ማውንቱም ሆነ የቀድሞው ኤል 39 ከሬንጅፋይንደሩ ጋር ይገናኛሉ።

ሰያፍ፦

«ያለዚያ ፎከስ እንዴት ይደረጋል?»

አይደረግማ። 15 ነው'ኮ።

ኤፍ 8 አድርግ። የርቀት ስኬሉን (ሌንሱ ላይ የተጻፉትን የሜትር ቁጥሮች) 1 ሜትር ላይ አቁም። ከግማሽ ሜትር እስከ አድማስ ስል ነው። ፊልሙ እስኪያልቅ አትነካውም። 21ን በዚያው ኤፍ 8 ወደ 1.9 ሜትር ታደርገዋለህ፣ ከ90 ሳንቲሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ይጀምርልሃል። ያንተን 28 ግን 3.3 ሜትር ላይ ካላቆምከው አድማሱ ያመልጥሃል። ልዩነቱን አየኸው?

15ን ለማገናኘት ገንዘብ መጨመር ለእኔ ትርፍ ነው።

የጥግ_ብርሃን፦

ቤት ውስጥ ኤፍ 8 ከየት ይመጣል ሰያፍ? መስኮት ዳር ካልሆነ በ400 ፊልም (አይኤስኦ 400፣ የፊልሙ የብርሃን ስሜት) ኤፍ 4.5 ላይ ነው የምትውለው። ያኔ ስኬሉ 1.7 ሜትር ላይ ይቆማል፣ ስል የሚሆነውም ከ85 ሳንቲሜትር ጀምሮ ነው። ያቺ የምጠጋባት እጅ ደግሞ 60 ሳንቲሜትር ላይ ናት። እዚያ ጋ መገናኘት ባይኖርም ቢያንስ ርቀት መገመት ግድ ይላል።

ሌላው፣ እነዚህ ቁጥሮች የተሰሉት ለመጠነኛ ህትመት ነው። ኔጋቲቩን በትልቁ ለምታትም ሰው ጫፎቹ ላይ መለስለስ ይታያል። እኔ ከስኬሉ አንድ ስቶፕ (ብርሃኑን በግማሽ የሚቀንስ ደረጃ) አስበልጬ ነው የምዘጋው።

ቀይ_መብራት፦

የጥግ ብርሃን ልክ ነሽ። እኔ ደግሞ ስለ አዳፕተሩ ልጨምር፣ ምክንያቱም ማንም አያነሳውም።

የኤል 39 ሌንስ ከፊልሙ 28.8 ሚሊሜትር ርቆ ነው የሚቀመጠው። ኤም 27.8። አዳፕተሩ ያቺን 1 ሚሊሜትር በትክክል መሙላት አለበት። ሰው «ሰፊ ሌንስ ሁሉን ይሸፍናል» ብሎ ያገኘውን ርካሽ አዳፕተር ይገጥማል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አዳፕተሩ በ0.1 ሚሊሜትር ብቻ ቢወፍር፣ 15ቱን አድማስ (የስኬሉ ∞) ላይ ስታደርገው በእርግጥ ያለው 2 ሜትር ከ25 ላይ ነው። በ50 ሌንስ ያው ስህተት 25 ሜትር ላይ ነበር የሚያቆምህ። አፐርቸሩን ስትዘጋ ጥልቀቱ ገመናውን ይሸፍነዋል። ግን የርቀት ስኬሉ ዋሽቶሃል። ከሬንጅፋይንደሩ ጋር በማይገናኝ ሌንስ ላይ ደግሞ ከስኬሉ ሌላ ምን አለህ?

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ካሜራው ባዶ ሳለ ጀርባውን ክፈት። ሻተሩን ቢ (እስክትለቀው ክፍት የሚቆይበት) ላይ አድርገህ በኬብል ክፍት አቆየው። ፊልሙ የሚያርፍበት ሐዲድ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ደብዛዛ መስታወት አስቀምጥ፣ ደብዛዛው ፊቱ ወደ ሌንሱ። አፐርቸሩን ሙሉ ከፍተህ በማጉያ ተመልከት። ሩቅ ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥርት የሚለው ቀለበቱ አድማስ ላይ ሲደርስ ነው ወይስ ከዚያ በፊት? ወይስ ጨርሶ አይጠራም? መስታወቱን ስታስቀምጥና ስታነሳ ግን የሻተሩን መጋረጃ እንዳትነካ፣ ነፍስህን ነው የምታጣው።

ጥቁር_ነጭ፦

ጋሼ ይህንን ካነበብኩ በኋላ እጄ ኤም ማውንቱ ላይ እያዘነበለ ነው።

ስላይድ_ብቻ፦

ዘግይቼ መጣሁ። ሁላችሁም ስለ ፎከስ ታወራላችሁ። ስለ ጥጉ ጨለማ ማንም በቅጡ አልተናገረም፣ ጋሼ «ይጨልማል» ብለው አለፉት።

ምን ያህል? ነዳፊው ምንም ዘዴ ካልተጠቀመ፣ ብርሃን ተጋድሞ በመምጣቱ ብቻ እንኳ ይቀንሳል። በ21 ጥጉ ላይ ወደ 2 ስቶፕ። በ15 ከ3 ስቶፕ በላይ። ይህ ደግሞ አፐርቸር በመዝጋት አይጠፋም። አፐርቸር ስትዘጋ የሚጠፋው የሌንሱ በርሜል የሚከልለው ብቻ ነው። ዘመናዊ ነዳፊዎች የተወሰነውን ያስመልሳሉ፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ለሆሎጎን መሐሉ ላይ የጠቆረ ልዩ ፊልተር ነበረው። ያ ፊልተር 2 ስቶፕ ይበላል። ኤፍ 8 የነበረው በተግባር ኤፍ 16 ሆነ ማለት ነው።

ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ላይ ችግሩ ቀላል ነው። ትንሽ አብዝተህ ታበራዋለህ፣ ስታትም ጥጉ ላይ ብርሃኑን ትከልልለታለህ። ስላይድ ላይ ግን ያየኸው ያው ነው፣ ማስተካከያ የለም። መሐሉ ልክ ከሆነ የሰማዩ ጥግ ሰማያዊነቱ ቀርቶ ጥቁር ይሆናል። ስላይድ «አልፎ አልፎ» ካልክ በ15 የምታነሳውን ስላይድ ሰማይ አታስገባበት። ወይም በ21 አንሳው።

ሰያፍ፦

አየህ? ሁሉም መንገድ ወደ 21 ይመራል።

ዝምተኛ_ሻተር፦

አይመራም።

50 እና 28 አለው። ከ50 ወደ 28 ስትሄድ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ከ28 ወደ 15ም እንደዚያው። 50፣ 28፣ 15 እኩል ደረጃ ናቸው። 28 ላይ 21 መጨመር ማለት ሁለት የሚሻሙ ሌንሶች ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። አንዱ ሁልጊዜ ይቀመጣል። 35 ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ 21 እለው ነበር።

ጥቁር_ነጭ፦

ይህን አላሰብኩትም። ጥሩ ነጥብ ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ልጨምር። የእኔ ካሜራ 28 ላይ ያበቃል። ስለዚህ ሁለቱም ሌንሶች ከላይ የሚሰካ መመልከቻ ይፈልጋሉ። ይሄ ነገር በተግባር ያስቸግራል? በአንዱ አይተህ ፎከስ፣ በሌላው አይተህ ፍሬም። እጅ እግር ያለው ነገር አልመስልህ አለኝ።

የጥግ_ብርሃን፦

ዋናውን ጥያቄ አሁን ጠየቅክ።

በተገናኘ 21 የምትሠራው ሁለት ሥራ ነው። መጀመሪያ በካሜራው መስኮት አይተህ ሁለቱን ምስል ታገጣጥማለህ። ከዚያ ዓይንህን ወደ ላይኛው መመልከቻ ታነሳለህ። እስክታነሳው ሰውዬው ዞሯል። ስለዚህ አብዛኛው የ21 ተጠቃሚ መጨረሻ ላይ ስኬሉን አንድ ቦታ አቁሞ የላይኛውን ብቻ ያያል። 15 ላይ ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነው የምትሠራው። አንድ መመልከቻ ብቻ፣ ወደ ላይ ወደ ታች የለም። በወረቀት ሲታይ 15 የሚከብድ ይመስላል፤ እጅ ላይ ግን ይቀልላል።

መመልከቻው ራሱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የካሜራውን ትንሽ መስኮት ለለመደ ሰው በቁልፍ ቀዳዳ ሲያይ ኖሮ በሩን እንደመክፈት ነው። ብዙ ጊዜ ሌንሱን የምንወደው በመመልከቻው ምክንያት ይመስለኛል። ግን ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ መመልከቻው ከሌንሱ ከፍ ብሎ ስለተሰካ ቅርብ ያለ ነገር ላይ የምታየውና ፊልሙ የሚያየው አይገጥምም። ግማሽ ሜትር ላይ ያለ እጅ መመልከቻው ውስጥ ታች ጠርዝ ላይ ከተቆረጠ ፊልሙ ላይ ላይቆረጥ ይችላል። ከላይ በኩል ደግሞ አለ ያልከው ነገር ይቆረጣል። ስትጠጋ ካሜራውን ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አድርግ። ከፍ አድርግ ነው ያልኩት፣ ቀና አድርግ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሰፊ መመልከቻዎች መስመር እየጎበጠ ነው የሚታየው። ግድግዳው የተጣመመ ይመስልሃል። ፊልሙ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ አትደንግጥ።

ዝምተኛ_ሻተር፦

እና ጣት። ጣትህን ጠብቅ። 15 ትንሽዬ ሌንስ ነው። ግራ እጅህ ለመደገፍ ወደ ፊት ሲመጣ ጣትህ ፍሬም ውስጥ ናት። መመልከቻው ከላይ ስለሆነ አታያትም። ፊልሙ ሲታጠብ ታች ጥግ ላይ አንድ ወፍራም ሮዝ ደመና ታገኛለህ። በጥቁርና ነጭ ግራጫ ደመና። የካሜራው ማንጠልጠያም እንደዚያው። እኔ ሌንሱን ሳይሆን የካሜራውን ሁለት ጎን ብቻ ነው የምይዘው።

ሰያፍ፦

21 ፍሬም ያለው ካሜራ አለ'ኮ። ቤሳ አር 4። 21፣ 25፣ 28፣ 35፣ 50 ሁሉም ውስጡ ነው። ምንም ከላይ አትሰካም። መስኮቱ ነገሩን በግማሽ አሳንሶ ነው የሚያሳየው፣ 0.52። ለሰፊ ሌንስ ግን ያ ይበቃል።

የጥግ_ብርሃን፦

ሰውዬው ሌንስ ሊገዛ መጣ፣ አንተ ካሜራ ሽጥለት :)

ስላይድ_ብቻ፦

ላይት ሜትሩንም እንዳትረሱ። ካሜራህ በሌንሱ በኩል የሚለካ ከሆነ፣ ሰፊ ሌንስ ሰማይና መስኮት አብዝቶ ያስገባል። ሜትሩ በዚያ ይታለልና ሰዎችህን ያጨልማቸዋል። ወደ ታች ዘንበል አድርገህ ወለሉን ለካ፣ ከዚያ ቆልፈህ አንሳ። ወይም የእጅ ሜትር ያዝ።

ሱፐር-አንጉሎን ያገለገለ አግኝቼ እገዛለሁ የሚል አንባቢ ካለ ደግሞ፦ የኋላው ብርጭቆ ወደ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ የካሜራውን ሜትር ይከልለዋል። ላይካ ኤም 6 ላይ ሜትሩ የሚለውን ማመን አይቻልም። ኤም 5 እና ሲኤል ላይ ደግሞ ሜትሩ በክንድ ሌንሱ ኋላ የሚወጣ ስለሆነ ሳትጠይቅ እንዳትገጥመው። የቮይግትላንደሮቹ እዚህ ላይ ሰላም ናቸው።

ጥቁር_ነጭ፦

ሜትሬ በሌንሱ በኩል ነው የሚለካው። እሺ፣ ወለሉን እለካለሁ።

ስለ 12ቱ ግን ማንም አንድ ቃል አልተናገረም። ሆን ብላችሁ ነው?

ቀይ_መብራት፦

ሆን ብለን ነው።

12ቱ ክፉ ሌንስ አይደለም። 121 ዲግሪ ያያል፣ መስመሩም ቀጥ ያለ ነው። ቮይግትላንደር 10 ሚሊሜትርም ሠርቷል፣ 130 ዲግሪ። ላኦዋ ደግሞ 9። ግን እነዚህ ላይ ካሜራውን በአንዲት ዲግሪ ብታዘነብለው ሕንፃው ወደ ኋላ መውደቅ ይጀምራል። ውኃ ልክ ካልሰካህ በእጅ ይዞ ቀጥ ማድረግ ጭንቅ ነው። ውኃ ልኩ ደግሞ የሚሰካው መመልከቻው ያለበት ቦታ ላይ ነው። ይኸው ተጣሉ። ባለ ሦስት እግር ላይ አስቀምጦ ክፍል ለሚያነሳ ሰው ጥሩ መሣሪያ ነው። አንተ ግን መንገድና ሰው ብለሃል።

የጥግ_ብርሃን፦

ሰው ካላችሁማ አንድ ነገር ልጨምር። 15 እና ከዚያ በላይ ሰፊ ሲሆን ዳር ላይ ያለ ነገር ወደ ውጭ ይሳባል። የሌንሱ ጥፋት አይደለም። መስመር ቀጥ እንዲል የሚከፈል ዋጋ ነው። ግድግዳ ቢሆን አይታወቅም። ክብ ነገር ሲሆን ያስታውቃል። ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች አንስተህ ቢሆን፣ መሐል ያሉት ደህና ናቸው። ጫፍ ላይ ያለችው ግን ጭንቅላቷ እንቁላል ይሆናል፣ ትከሻዋ ከጎረቤቷ እጥፍ ይሰፋል። ፎቶውን ስታሳያት ታኮርፋለች፣ እውነቷንም ነው። በ15 ሰውን ወደ መሐል፣ ዕቃን ወደ ዳር። በ21 ይህ ይኖራል ግን ይታገሱታል።

የሰው ስብስብ በብዛት የምታነሳ ከሆነ፣ ሰያፍ ፊት ማለት ባልወድም፣ 21 ይሻላል።

ሰያፍ፦

አስቀምጫታለሁ ይቺን። ተጽፋለች።

ጥቁር_ነጭ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሰው ስብስብ ብዙም አላነሳም። አንድ ሰው፣ ከነሥራ ዕቃው፣ ከነክፍሉ ነው የሚስበኝ። ያ ሲሆን መጠጋት አያስፈራኝም። በ28ቱም እየተጠጋሁ ነበር፣ ግን ክፍሉ እየቀረ ነው ያስቸገረኝ። 50፣ 28፣ 15 የተባለውም አሳምኖኛል። ስለዚህ 15፣ ሁለተኛውን፣ ያገለገለ ልፈልግ ነው። የሦስተኛው ክብደት አላማረኝም፣ የመጀመሪያው አዳፕተር ደግሞ ጋሼ አስፈርተውኛል። ስላይዱን በ28 እቀጥላለሁ።

ያገለገለ ስገዛ ምን ልይ?

ዝምተኛ_ሻተር፦

የፊቱ ብርጭቆ ጎበጥ ብሎ ስለሚወጣ ጭረት መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው። ትንሽ ጭረት ፎቶው ላይ አይታይም፤ ፀሐይ ፍሬም ውስጥ ስትገባ ግን ይታያል። በ15 ደግሞ ፀሐይ ሳትፈልጋት ትገባለች። የፎከስ ቀለበቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ዓይነት ክብደት ይዙር። በሬንጅፋይንደሩ ሩቅ ነገር አይተህ አድማስ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ምስል መግጠሙን እይ። መመልከቻው ውስጥ ጭጋግ ካለ ዋጋ አስቀንስ፣ መመልከቻ ለብቻው መግዛት ቀላል ወጪ አይደለም።

ሰያፍ፦

መልካም ግዢ። 21 ስትፈልግ የት እንዳለሁ ታውቃለህ።

ጥቁር_ነጭ፦

ሃሃ፣ አውቃለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለጥቁርና ነጭ ቢጫ ፊልተር ሁልጊዜ እጠቀማለሁ። 15ቱ ላይ ጥጉን አይቆርጥም?

ስላይድ_ብቻ፦

ጠርዙ ቀጭን የሆነውን 52 ግዛ፣ አንድ ብቻ እሰር፣ ሁለት አትደርብ። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፊልተር) ግን ተወው። በዚህ ስፋት የሰማዩን ግማሽ ያጠቁርና ግማሹን ይተወዋል።